ፊቱ ዝም ያለውን ሰው እንዴት እንርዳው?

በምእመናንና በፕሮጀክት ሠራተኞች የጋራ ስብሰባ ላይ ስለ ፓርኪንሰን በሽታ የቀረበ ንግግር



ዛሬ ልናነጋግራችሁ የወደድነው ትንሽ ስለሚመስል፣ ነገር ግን ብዙ ቤት ስላዘነበት አንድ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ የሰው ፊት ነው።

አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ። እንግዳን የሚያጠግበው ከቀረበለት ማዕድ ይልቅ የአስተናጋጁ ፊት ነው ማለታቸው ነው። በቋንቋችን የተቀየመ ሰው «ፊቱን አጠቆረ» ይባላል፤ የናቀን ሰው «ፊት ነሣን»፤ ቂሙን የተወ ሰው ደግሞ «ፊቱ ተፈታ» ይባላል። ሰውን በፊቱ መመዘን ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው ነገር ነው፤ በአብዛኛውም አያሳስተንም። ዳሩ ግን ይህ ሚዛናችን ፈጽሞ የሚሳሳትበት አንድ በሽታ አለ። እርሱም ፓርኪንሰን የሚባለው ነው። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው ልቡ ደስ እያለው ፊቱ ላይስቅ፣ እያዘነ ፊቱ ላያዝን፣ እያመሰገነ ፊቱ ዝም ሊል ይችላል።

ይህንን የምንነግራችሁ አስቀድመን ስለምናውቅ አይደለም፤ ተሳስተን ስለተማርን ነው እንጂ። ስለዚህ በመጀመሪያ የራሳችንን ስሕተት እንናገራለን።

የእኛ ስሕተት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንዲት ከተማ ዳርቻ ለሚኖሩ አረጋውያን እህልና ዘይት እናድል ነበር። ከተረጂዎቹ መካከል ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት የፈጁ አንድ አባት ነበሩ። ስማቸው ሲጠራ ጎንበስ ብለው በቀስታ መጡ። እህሉን ስናስረክባቸው ፊታቸው አልተንቀሳቀሰም። ዓይናቸውን ተክለው ተመለከቱን፤ ከንፈራቸው ጥቂት ተላወሰ፤ የሰማነው ቃል ግን አልነበረም። ሌሎቹ ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁን እኚህ አባት ዘወር ብለው ሄዱ። ለደጋፊዎቻችን የሚላከውን ፎቶግራፍ የሚያነሣው ባልደረባችንም ካሜራውን ዝቅ አደረገ። «የእርሳቸው ፊት ለፎቶ አይሆንም» አለ። እኛም አልተቃወምነውም።

ነገሩ በዚህ ብቻ ቢያበቃ በተሻለ ነበር። በጉብኝት መዝገባችን ላይ ከስማቸው ትይዩ «ደስተኛ አይደሉም፤ እርዳታውን የሚፈልጉት አይመስልም» ብለን ጻፍን። ከዚያ በኋላ ማንም ሆን ብሎ ባይወስንም ወደ ቤታቸው የሚደረገው ጉብኝት እየሳሳ ሄደ። እግራችን በፈገግታ ወደሚቀበለን ቤት ይፈጥን ነበርና ሰባት ወር ያህል ደጃቸውን ሳንረግጥ ቀረን።

በኋላ ከባልደረቦቻችን አንዷ፣ ነርስ ናት፣ መዝገቡን ስታይ ነገሩ ስላልገባት ወደ ቤታቸው ሄደች። አባት በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። አንድ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀጠቀጣል። ሲነሡ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ሲራመዱ አንዱ ክንዳቸው ከጎናቸው ሳይወዛወዝ ተጣብቆ ቀረ። ዓይናቸውም እንደ ሌላ ሰው ቶሎ ቶሎ አይርገበገብም። ባለቤታቸውን ጥግ ወስዳ ስትጠይቃቸው እንዲህ አሉ፦

«ልጄ፣ እኔም እኮ እንደ እናንተ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀይመውኛል ብዬ ስጨነቅ ኖርኩ። ምን አጠፋሁ ብላቸው ‹ምንም› ይላሉ፤ ፊታቸው ግን ሌላ ይላል። ሽማግሌ ላስቀምጥባቸው ሁሉ አስቤ ነበር። የልጅ ልጃችንም አባባ ይቆጡኛል እያለች አጠገባቸው አትደርስም። ደግሞ የዚያን ቀን እናንተን እየመረቁ ነበር፤ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰምቻለሁ። ‹እጃችሁ ይባረክ፤ ከክፉ ይሰውራችሁ› ነበር ያሉት። ድምፃቸው አልወጣ ብሎ ነው እንጂ።»

ወገኖች ሆይ፣ ተመርቀን ሳለ አልተመረቅንም ብለን ነበር የሄድነው። ነርሷ ወደ ሆስፒታል አስላከቻቸው፤ ሐኪሙም መርምሮ ፓርኪንሰን መሆኑን አረጋገጠ። ቀደም ብለን ብንሄድ ኖሮ ሰባቱ ወራት ያለ ሕክምና ባላለፉ ነበር።

በሽታው ምንድን ነው?

ይህንን በሽታ በመጽሐፍ መልክ በሚገባ የገለጸው ጄምስ ፓርኪንሰን የተባለ የለንደን ሐኪም ሲሆን ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1817 ነው። በዚያ ጽሑፍ የስድስት ሰዎችን ሁኔታ ዘርዝሯል። በኋላም ሻርኮ የተባለው ታላቅ የፈረንሳይ የነርቭ ሐኪም በሽታው በፓርኪንሰን ስም እንዲጠራ አደረገ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከ8.5 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ይህ በሽታ ነበረባቸው።

በአንጎላችን ሥር ጠቆር ያለ ቀለም ያለው ትንሽ ስፍራ አለ። በዚያ ያሉት ሴሎች ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። ዶፓሚን ሰውነታችን እንቅስቃሴን በሚገባው መጠንና ፍጥነት እንዲጀምርና እንዲቀጥል የሚረዳ መልእክተኛ ነው። በፓርኪንሰን በሽታ እነዚህ ሴሎች ቀስ በቀስ ይሞታሉ፤ ምልክቱ የሚታየው ብዙዎቹ ካለቁ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ እንቅስቃሴ ይዘገያል፣ ጡንቻ ይገትራል፣ ብዙዎችም ይንቀጠቀጣሉ። መንቀጥቀጥ የሌለበት ታማሚም አለ፤ ስለዚህ «እጁ አይንቀጠቀጥምና አልታመመም» ማለት አይገባም።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማን ወይም ቡዳ አይደለም። ከታማሚው ጋር አብሮ መብላት፣ እጁን መጨበጥና ማቀፍ ማንንም አይጎዳም።

ፊት ለምን ዝም ይላል?

ፊትም እንደ እጅና እግር በጡንቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ወዳጃችንን ድንገት በመንገድ ስናገኝ «አሁን ፈገግ ልበል» ብለን አናስብም፤ ፊታችን ራሱ ይፈካል። ስንሰማ ቅንድባችን ይነሣል፤ ስንጠራጠር ግንባራችን ይኮማተራል። ይህ ሁሉ ሳናዝዘው የሚሆን ነው። ፓርኪንሰን ከሁሉ አብልጦ የሚያደክመው ይህንን ሳይታዘዝ የሚመጣውን እንቅስቃሴ ነው። እርምጃ እንደሚያጥር፣ የእጅ ጽሕፈት እንደሚያንስ፣ ድምፅ ዝቅ እንደሚል ሁሉ ፈገግታም ያንሳል፤ ይዘገያል። ሐኪሞች ይህንን ጭምብል ካጠለቀ ፊት ጋር ያመሳስሉታል።

ዓይንም እንዲሁ ነው። ጤነኛ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ በአማካይ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። በፓርኪንሰን ይህ ስለሚቀንስ ታማሚው አፍጥጦ የሚያይ ይመስላል፤ ሕፃናት የሚፈሩትም ለዚህ ነው። ዓይኑም ደርቆ ይቆረቁረዋል። ምራቁንም እንደ ወትሮው ቶሎ ቶሎ ስለማይውጥ በአፉ ጥግ ሊፈስ ይችላል።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ታላቅ ነገር አለ። ጭምብሉ የፊት እንጂ የልብ አይደለም። ሰውየው ያዝናል፣ ይደሰታል፣ ያፍራል፣ ይወድዳል። ስለዚህ የሚመለከቱት ሰዎች ስሕተት እጥፍ ይጎዳዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሊንዳ ቲክል ዴግነንና ባልደረባዋ በአሜሪካ ባሳተሙት ጥናት፣ ልምድ ያላቸው የጤና ባለሙያዎች እንኳ ፊቱ የማይንቀሳቀስ የፓርኪንሰን ታማሚን ሲያዩ ስለ ጠባዩ የተሳሳተ ግምት እንደሚይዙ ታይቷል። ባለሙያ ከተሳሳተ እኛ እንዴት አንሳሳትም? ዳሩ ግን ካወቅን በኋላ ምክንያት አይኖረንም።

መድኃኒቱ ምን ያህል ይረዳል?

እ.ኤ.አ. በ1960 ሆርኒኪዊችና ባልደረባው በፓርኪንሰን በሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን እጅግ ማነሱን አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ ኮትዚያስ የተባለው ሐኪም ሌቮዶፓን መጠኑን ቀስ በቀስ እያሳደገ በመስጠት ታማሚዎች እንደገና ሲንቀሳቀሱ አሳየ። ሌቮዶፓ አንጎል ውስጥ ገብቶ ወደ ዶፓሚን የሚለወጥ መድኃኒት ነው። ዛሬ ካርቢዶፓ ከሚባል ረዳት ጋር ተቀላቅሎ ይሰጣል፤ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም አለ።

መድኃኒቱ በሽታውን አያድንም። ሆኖም በሚሠራባቸው ሰዓቶች እንቅስቃሴን ያቀልላል፤ የብዙዎችም ፊት በመጠኑ ይፈታል። ስለዚህ ለፊት የሚደረገው የመጀመሪያው እርዳታ መድኃኒቱ በሰዓቱ መወሰዱን መከታተል ነው። አንድ ሰዓት ዘገየ ማለት ለታማሚው አንድ ሰዓት ታስሮ መቀመጥ ሊሆን ይችላል። በአብዛኛው ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል በፊት ቢወሰድ ይመረጣል። ምክንያቱም ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና የጥራጥሬ ወጥ ከመድኃኒቱ ጋር እየተሻሙ ወደ ደም እንዳይገባ ያዘገዩታል። ማቅለሽለሽ የሚያስቸግረው ሰው ግን ቀለል ያለ ነገር ቀምሶ ሊወስደው ይችላል፤ ይህንን ሐኪሙ ይወስናል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። አንደኛ፣ መድኃኒቱን ድንገት ማቋረጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። በአገራችን መድኃኒቱ በየስፍራው ሳይቋረጥ አይገኝምና የፕሮጀክት ሠራተኞች እንክብሉ ሳያልቅ አስቀድመው ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ይህንን በሽታ የሚያባብሱ፣ በሽታው በሌለበትም ሰው ላይ ተመሳሳይ የፊት ድርቀት የሚያመጡ መድኃኒቶች አሉ። ለማስመለስ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን ከእነዚህ ናቸው። ታማሚው ሌላ ክሊኒክ ሲሄድ ፓርኪንሰን እንዳለበት አስቀድሞ ይናገር፤ የሚወስዳቸውንም መድኃኒቶች ሁሉ ይዞ ሄዶ ያሳይ። ይሁን እንጂ ማንኛችንም ከሐኪም በቀር «ይህን ተው» አንበል።

ፊትን ማለማመድ

ቀደም ሲል ሳይታዘዝ የሚመጣው እንቅስቃሴ ይበልጥ ይደክማል ብለናል። ስለዚህ ታማሚው ሆን ብሎ፣ በአሳብ አዝዞ ፊቱን ሲያንቀሳቅስ ብዙ ጊዜ የተሻለ ይሆንለታል። የፊት ልምምድ የሚባለው በዚህ መንገድ የሚሄድ ነው። ልምምዱ ሁሉን አንድ ዓይነት አይጠቅምም፤ ውጤቱም ልምምዱ ሲቀር ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ወጪ የለበትም፤ በቤትም ይሠራል።

ታማሚው መድኃኒቱ በሚሠራበት ሰዓት፣ ብርሃን ባለበት ቦታ፣ ጀርባውን አስደግፎ በመስተዋት ፊት ይቀመጥ። ፊቱ የሚሠራው ስለማይሰማው መስተዋቱ እጅግ ያስፈልጋል፤ ብዙዎች ሰፊ ፈገግታ ያሳዩ እየመሰላቸው መስተዋቱ ግን ትንሽ ብቻ ያሳያቸዋል። ከዚያም የሚከተሉትን እያንዳንዳቸውን 5 ሴኮንድ ያህል ይዞ እየለቀቀ 5 ጊዜ ይደጋግም፦

ቅንድብን እንደ ተደነቀ ሰው ወደ ላይ ማንሣት፤ ቀጥሎም እንደ ተቆጣ ሰው ግንባርን መቋጠር።

ዓይንን ጨምቆ መጨፈን፤ ከዚያም በሰፊው መክፈት።

መጥፎ ሽታ እንደሸተተው ሰው አፍንጫን መሸብሸብ።

ጉንጭን በአየር መንፋት፤ አየሩንም ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው ማዞር።

ጥርስ እስኪታይ ድረስ በሰፊው ፈገግ ማለት፤ ከዚያም እንደሚያፏጭ ሰው ከንፈርን ማሞጥሞጥ።

አፍን በሰፊው መክፈት፤ ምላስን አውጥቶ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማንቀሳቀስ።

ጠቅላላው 10 ወይም 15 ደቂቃ ቢወስድ ይበቃል። ቢደክም ይረፍ፤ ቢያመው ይተው። ዓይን ለሚደርቅበት ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሆን ብሎ ዓይኑን እንዲያርገበግብ ማስታወስ መልካም ነው።

እኚያ ልብስ ሰፊ አባት ይህንን ልምምድ መጀመሪያ አፍረውበት ነበር። «በስተርጅና በመስተዋት ፊት ልቆም?» አሉ። የረዳቻቸው የልጅ ልጃቸው ናት። ነርሷ ጨዋታ አድርጋ አስተማረቻት፤ ልጅቷ አንድ ፊት ትሠራለች፣ አያቷ ይከተላሉ፤ አያቷ ይሠራሉ፣ እርሷ ምን ዓይነት ፊት እንደሆነ ትገምታለች። በመጀመሪያው ሳምንት ቁጣውንና ሣቁን መለየት አልቻለችም። እየቆየች ለየችው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ከዚያ ወዲህ አያቷን መፍራት መተዋ ነው።

ድምፅን ማጉላት

ፊትና ድምፅ አብረው ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት ሎሬይን ራሚግና ባልደረቦቿ ለፓርኪንሰን ታማሚዎች የሚሆን የድምፅ ሕክምና ጀመሩ። ሕክምናው ሊ ሲልቨርማን በተባሉ የፓርኪንሰን ታማሚ ስም ይጠራል፤ ቤተሰባቸው ድምፃቸውን ለመስማትና ንግግራቸውን ለመረዳት ይናፍቅ ነበር። አሠራሩ ቀላል ሆኖ ትጋት ይጠይቃል። በሳምንት 4 ቀን፣ ለ4 ሳምንት፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ከባለሙያ ጋር፣ ከዚያም በቤት መለማመድ ነው። ትእዛዙ አንድ ብቻ ነው፦ ድምፅህን ከፍ አድርግ። ታማሚው በልኩ የተናገረ ሲመስለው ሌላው ሰው አይሰማውምና፣ እየጮኸ ነው ብሎ እስኪያስብ ድረስ ከፍ ማድረግን ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት ይህን የድምፅ ሕክምና በወሰዱ ሰዎች ላይ የፊትም እንቅስቃሴ መጨመሩን አሳይቷል። አፍ በሰፊው ሲከፈትና ትንፋሽ ሲበረታ ፊትም አብሮ ይነቃልና አያስገርምም።

በአብዛኛው ቦታችን የንግግር ሕክምና ባለሙያ በቅርብ አይገኝም። ባለሙያ ባለበት ታማሚውን እንላከው። በሌለበት ግን ከዚህ ትምህርት የምንወስደው አለ። ጥልቅ ትንፋሽ ስቦ «አ» እያሉ በጠንካራ ድምፅ እስከ ቻሉ ድረስ ማስረዘም፤ «ኢ» እና «ኡ» እያሉ ከንፈርን መሳብና ማሞጥሞጥ፤ ከአንድ እስከ አሥር ወይም የሳምንቱን ቀናት በትልቅ ድምፅ መቁጠር። ጉሮሮን ማስጨነቅ ግን አይገባም፤ ኃይሉ ከትንፋሹ ይምጣ።

ከዚህም ሌላ መዝሙር አለ። በቡድን መዘመር ትንፋሽን፣ ከንፈርንና ድምፅን በአንድነት የሚያሠራ ነው። በየጉባኤው ፓርኪንሰን ያለበት ሰው ከኋላ ወንበር ዝም ብሎ ተቀምጦ እናየዋለን። ወደ መዘምራን እንጥራው። ድምፁ ቢያንስም ለሕመሙ ይጠቅመዋል፤ ከሰው መካከል መሆኑም ሌላ መድኃኒት ነው።

ፊት ያልተናገረውን በቃል

ልምምዱ ሁሉ ተደርጎም ፊት ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ፊት ሊናገረው ያልቻለውን በሌላ መንገድ ማስተላለፍን ታማሚውም ቤተሰቡም ይማሩ።

ታማሚው ስሜቱን በቃል ይናገር። «ደስ ብሎኛል»፣ «አዝኛለሁ»፣ «አልተቀየምኩም» ማለትን ይልመድ። በባህላችን ወንድ ልጅ፣ ይልቁንም ሽማግሌ፣ እንዲህ ማለት እንደሚከብደው እናውቃለን። ነገር ግን የባለቤቱ ዕረፍት በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ዝምታ ክብር አይደለም። እጅ መጨበጥ፣ ትከሻ መንካት፣ ራስ መነቅነቅ የፊትን ሥራ ይሠራሉ። እንግዳ ሲመጣም አስቀድሞ «ሕመሜ ፊቴን ይይዘዋል እንጂ በመምጣታችሁ ደስ ብሎኛል» ቢል ብዙ ጥርጣሬ ይወገዳል።

ለቤተሰብና ለጎብኚ ደግሞ ይህን እንላለን። ፊቱን አይተህ አትፍረድ፤ ጠይቅ። ጠይቀህም ታገሥ፤ መልሱ ዘግይቶ ይመጣልና ቃሉን ከአፉ አትንጠቅ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ዝጋ፣ ወንበርህን አስጠጋ፣ ፊት ለፊት ተቀመጥ። ስለ እርሱ ከሚስቱ ጋር ብቻ አታውራ፤ እርሱ ሁሉን እየሰማ ነውና። «እባክህ ፈገግ በል» እያልክ አታስጨንቀው። ፊቱ ስላልመለሰልህም የአንተ ፈገግታ አይጥፋ፤ በፊትህ ላይ የሚያየው ነገር ይደርሰዋል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነገሮች

ፊቱ ዝም ያለ ሁሉ አዝኗል ማለት አይደለም ብለናል። ተቃራኒውንም አንርሳ። ፓርኪንሰን ካለባቸው ሰዎች ብዙዎች በእውነት በድብርት ይያዛሉ፤ ፊታቸው ግን አይነግረንም። ስለዚህ እንቅልፉን፣ የምግብ ፍላጎቱን፣ ተስፋውን በቃል እንጠይቅ። «መኖር ሰልችቶኛል» ካለ ነገሩን አቅልለን አንለፈው፤ ብቻውን አንተወው፤ ወደ ሐኪም እናድርሰው። ድብርት ሕክምና ያለው ሕመም ነው።

ሲበላና ሲጠጣ የሚያስለው ወይም የሚያንቀው ከሆነም ቶሎ ለጤና ባለሙያ ይነገር።

የፓርኪንሰን የፊት ለውጥ በወራትና በዓመታት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ፊት ድንገት በአንድ ወገን ቢጣመም፣ ክንድ ቢዝል ወይም ንግግር ቢተሳሰር ግን ይህ ሌላ ነገር ነው፤ የአንጎል ደም ሥር አደጋ ሊሆን ስለሚችል ያለ አንዳች መዘግየት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ከእኛ የሚፈለገው

ወገኖች ሆይ፣ ንግግራችንን ለመዝጋት ያህል፣ ከዚያ ስሕተት በኋላ በሥራችን ላይ ያደረግናቸውን ሦስት ለውጦች እንንገራችሁ፤ እናንተም በየቦታችሁ እንድታደርጉት እንለምናለን።

አንደኛ፣ ከጉብኝት መዝገባችን ላይ «ደስተኛ ነው፣ አይደለም» የሚለውን ጽሑፍ ሰረዝን። በእርሱ ፈንታ ጎብኚው ጠይቆ የሰማውን መልስ በተጠያቂው ቃል ይጽፋል። የፊት ገጽታ ማስረጃ ሆኖ አይመዘገብም።

ሁለተኛ፣ ጎብኚዎቻችን ዝግታን፣ የሚያንስ ድምፅን፣ የማይርገበገብ ዓይንን፣ የማይወዛወዝ ክንድን እንዲያስተውሉ አስተማርናቸው። እነዚህን ያየ ጎብኚ በሽታውን ራሱ አይሰይምም፤ ወደ ጤና ጣቢያ ያመላክታል እንጂ። በአዲስ አበባም በሽታውን ከራሳቸው ሕይወት በሚያውቁ ሰዎች የተቋቋመ፣ የፓርኪንሰን ሕሙማንን የሚደግፍ ድርጅት እንዳለ ለቤተሰቦች እንነግራለን።

ሦስተኛ፣ ፎቶግራፍ ስናነሣ ፈገግታን አንመርጥም። ለደጋፊዎቻችን የምንልከው የሳቁ ፊቶችን ብቻ ከሆነ፣ መሳቅ ያልቻለው ሰው ከእርዳታውም ከጸሎታችሁም መዝገብ ይወጣል። ይህንን እናንተ ደጋፊዎቻችንም እንድትረዱልን እንፈልጋለን። ከእንግዲህ በሚደርሳችሁ ጋዜጣ ላይ ዝም ያለ ፊት ብታዩ «ይህ ሰው የሰጠነው አላስደሰተውም» አትበሉ።

እኚያ አባት ዛሬም ፊታቸው እንደ ጥንቱ አልሆነም፤ አይሆንምም። መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ፤ ከልጅ ልጃቸው ጋር በመስተዋት ፊት ይጫወታሉ። ባለቤታቸው ሽማግሌ የማስቀመጡን አሳብ ትተውታል፤ «አሁንማ በአፋቸው ይነግሩኛል» ይላሉ። ባለፈው ጊዜ ሄደን ስንሰናበታቸው አባት እጃቸውን ዘረጉ። እኛም በዚህ ጊዜ አልቸኮልንም። ወንበራችንን አስጠግተን፣ ጆሯችንን አዘንብለን፣ ምርቃታቸውን እስከ መጨረሻው ሰማን።